የሥነ ጽሑፍ ክበብ፦ ከቤዎልፍ ጋር የከረምንበት ዓመት

ዘንድሮ የሥነ ጽሑፍ ክበባችን አንድ ግጥም ይዞ ከረመ። ግጥሙ ቤዎልፍ ነው። የጥንት እንግሊዝ ሕዝቦች የሆኑት አንግሎ ሳክሶኖች በጥንታዊ እንግሊዝኛ የገጠሙት የጀግና ታሪክ ሲሆን 3182 ስንኞች አሉት። ለዛሬ የደረሰው በአንድ የብራና ቅጂ ብቻ ነው። ቅጂው በ1000 እ.ኤ.አ. አካባቢ የተጻፈ ነው፤ በ1731 ለንደን ውስጥ ከደረሰ ቃጠሎም ጠርዙ ተለብልቦ ተርፏል። እኛ ያነበብነው ወደ ዘመናዊ እንግሊዝኛ የተመለሰውን ነው። ሰኞ ሰኞ ከትምህርት በኋላ አንዱ ያነባል፣ ሌላው በአማርኛ ይተርካል።

አብዛኞቹ አባላት የመጡት ለጭራቁ ነበር። ግሬንድል በሌሊት አዳራሽ ገብቶ ሰው ሲበላ፣ ከሌላ አገር ሊረዳ የመጣው ጀግና ቤዎልፍ ክንዱን ከትከሻው ሲገነጥለው ትንፋሽ የሚያሰማ አልነበረም። እኔን ግን የበለጠ ደስ ያሰኘኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ጥያቄ ነው። አንዲት የ11ኛ ክፍል አባል «ጠላቱ ተሸንፎ የለም እንዴ? ገጣሚው ስለ ስጦታ ይህን ያህል የሚያወራው ለምንድን ነው?» አለች። የዓመቱ ሥራችን ከዚች ጥያቄ ተነሳ።

እውነቷን ነው። የዴኖቹ፣ ማለትም የዴንማርክ ሰዎች፣ ንጉሥ ሮትጋር ሄኦሮት የሚባለውን አዳራሽ ያሠራው ፈጣሪ የሰጠውን ሁሉ ለወጣቱም ለሽማግሌውም ሊያካፍልበት ነው። የማይሰጠው የሕዝቡን የጋራ መሬትና የሰው ነፍስ ብቻ ነው። ግሬንድል ሲሸነፍም ለቤዎልፍ በወርቅ ያጌጠ ሰንደቅ፣ የራስ ቁር፣ ጥሩር፣ ሰይፍና ስምንት ፈረሶች ይሸልመዋል። ከፈረሶቹ በአንዱ ላይ ንጉሡ ራሱ ሲዋጋ የሚቀመጥበት ኮርቻ ተጭኗል። እዚህ ኮርቻ ላይ ብዙ ቆየን። ከግምጃ ቤት አውጥቶ መስጠት አንድ ነገር ነው፤ የራስን መቀመጫ መስጠት ግን ሌላ።

ክርክሩ የጦፈው ከዚህ በኋላ ነው። ገሚሱ «ይሄ ደሞዝ እንጂ ልግስና አይደለም» አለ። ማስረጃም ነበራቸው። ግጥሙ ገና መጀመሪያው ላይ ወጣት መስፍን በአባቱ ቤት ሳለ ይስጥ፣ ኋላ ጦርነት ሲመጣ ወዳጆቹ አብረውት እንዲቆሙ ይላል። ሌሎቹ በቤዎልፍ መለሱ። አገሩ ሲገባ ከስምንቱ ፈረሶች አራቱን ለአጎቱ ለንጉሥ ሂየላክ፣ ሦስቱን ለንግሥቲቱ ለሂይድ ይሰጣል። የሮትጋር ሚስት ንግሥት ዌልህቴው የሸለመችውን የአንገት ወርቅም ለሂይድ ያበረክታል። ማንም አላስገደደውም።

እኔ ከእነዚህኞቹ ጋር ነኝ። በዚያ ዓለም ስጦታ ውለታ ስላስከተለ ልግስናነቱ አይቀንስም። ሰውን ከሰው የሚያስተሳስረው እሱ ነው። ክፋት ምን እንደሚመስል ማየት ይበቃል። ሄሬሞድ የተባለው ንጉሥ ለሰዎቹ ወርቅ ይነፍጋል፣ የማዕድ ጓደኞቹን ይገድላል፣ መጨረሻው ብቸኝነት ነው። በግጥሙ መጨረሻ የሚመጣው ዘንዶ ደግሞ 300 ዓመት ሀብት ላይ ተኝቶ አንዲት ዋንጫ ብትጎድልበት አገር ያቃጥላል። ሀብቱ ግን ምንም አይጠቅመውም። ንፍገትን እንዲህ አድርጎ የሳለ ግጥም አላነበብኩም።

በወላጆች ቀን ከአባላቱ አንዱ የዊግላፍን ንግግር በአማርኛ አዘጋጅቶ አቀረበ። ያረጀው ቤዎልፍ ዘንዶውን ሲገጥም የመረጣቸው ተከታዮቹ ጫካ ገብተዋል። የቀረው ዊግላፍ ብቻ ነው። ጌታው የሰጠውን ርስት ያስታውሳል፣ ጠጅ እየጠጡ የገቡትን ቃል ያስታውሳል፣ ጭሱ ውስጥ ይገባል። ቤዎልፍ ከሞተ በኋላ የሸሹት ሲመለሱ፣ ያ ሁሉ የራስ ቁርና ጥሩር በእናንተ ላይ ባክኖ ቀረ ይላቸዋል። ልጁ ይህን ሲል ድምፁን ከፍ አላደረገም። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት «ያጎረሰ እጅ ተነከሰ በለኛ!» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተሞላ።

ለመጪው ዓመት የማልደንን ጦርነት ግጥም መርጠናል። በ991 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ኤሴክስ ውስጥ ከባሕር ወራሪዎቹ ከቫይኪንጎች ጋር የተደረገ ውጊያ ነው። የእንግሊዞቹ መሪ ቢርትኖት ሲወድቅ ከተከታዮቹ አንዱ ጎድሪክ በጌታው በራሱ ፈረስ ይሸሻል፤ ፈረስ ደጋግሞ የሰጠውን ሰው ጥሎ። ሌሎቹ እዚያው ቆመው ይሞታሉ። «ደሞዝ ነው» ባዮቹ ይህን ሲሰሙ ክርክሩን ካቆምንበት ለመቀጠል ተዘጋጅተዋል። ግጥሙ አጭር ስለሆነ ፎቶ ኮፒው ከወዲሁ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። መግባት የምትፈልጉ ስማችሁን ለክበቡ ጸሐፊ አስመዝግቡ።