ለልጄ፦ ያ «ኔጌቲቭ» ውጤት

የኔ ልጅ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ፒያሳ ግን የምታውቂው ሰፈር ፈርሶ መንገዱ ሰፍቷል፤ ስትመጪ እንዳይጠፋሽ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። «አሜሪካ፣ ኮኔቲከት ጫካ ውስጥ መዥገር ነከሰኝ፣ ጭኔ ላይ ምልክት ወጣ፣ የላይም (መዥገር የሚያስተላልፈው የባክቴሪያ በሽታ) ምርመራው ግን ኔጌቲቭ ነው፣ ተመስገን» አልሽኝ። እኔ ገና ተመስገን አላልኩም። ላብራቶሪ ውስጥ ያረጀች እናት በወረቀት ቶሎ አታምንም።

ምርመራው ባክቴሪያዋን አያይም። የሚፈልገው ሰውነትሽ በሽታውን ለመከላከል የሚሠራውን አንቲቦዲ ነው፤ እሱ እስኪበረክት ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል። ምልክቱ በወጣ ሰሞን ከታመሙት ከግማሽ በላይ ኔጌቲቭ ይወጣሉ። ደም የሰጠሽው በጣም ቀድመሽ ነው። የኛ አገሯ ግርሻ፣ ያቺ በቅማል የምትተላለፈው የትኩሳት በሽታ፣ ባክቴሪያዋ የዚህችው ዘመድ ናት። ትኩሳቱ ሲነሣ ጣት ወግተን ስላይድ ላይ ስናይ፣ በደም ሴሎቹ መሀል ጥምዝምዝ ክር መስላ ትገኛለች። የላይሟ ግን ደም ውስጥ ብዙ አትገኝም፣ በስላይድ አትያዝም።

ስለዚህ ዋናው ምልክቱ ነው። ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ሆኖ እየሰፋ ከሄደ፣ ሐኪሙ የደም ውጤት ሳይጠብቅ መድኃኒት ሊጀምርልሽ ይችላል። ችግሩ መጽሐፍ ላይ ያለው ፎቶ ነጭ ቆዳ ላይ የወጣ ቀይ ክብ ነው። እንደኛ ጠይም ቆዳ ላይ በልዞ ብቻ ሊታይ ይችላል። «ተጋጭቼ ይሆናል» ስትዪ የከነከነኝ ለዚህ ነው። ዳር ዳሩን በእስክሪብቶ አስምሪበት፣ ፎቶ አንሺው፣ ዛሬውኑ ሂጂ።

እንደገና ከመረመሩሽ አንድ ኤላይዛ (አንቲቦዲውን የሚፈልገው የመጀመሪያ የደም ምርመራ) ብቻውን አይበቃም። ፖዘቲቭ ወይም አጠራጣሪ ከሆነ አንቲቦዲዎቹን ለያይቶ በሚያሳየው በዌስተርን ብሎት ምርመራ ይረጋገጣል፤ ከ2019 ወዲህ በሁለተኛ ኤላይዛም ማረጋገጥ ተፈቅዷል። ቶሎ ከታከምሽ ጭራሽ ፖዘቲቭ ላይሆን ይችላል። አንዴ ፖዘቲቭ ከሆነ ደግሞ ከዳንሽም በኋላ ለዓመታት ሊቆይ ስለሚችል መዳንሽን በሱ አትለኪ። እዚህ በአንድ ዊዳል (የታይፎይድ አንቲቦዲ ምርመራ) ብቻ ታይፎይድ አለብህ ተብሎ ስንቱ መድኃኒት ሲውጥ እንደኖረ እኔ ነኝ የማውቀው!

ዶክሲሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ከሰጡሽ ከወተትና ከአይረን ኪኒን ጋር አትውሰጂው። ፀሐይም ተጠንቀቂ፣ ቆዳ ያቃጥላል። ከሐኪሙ እንደወጣሽ ደውይልኝ፣ እዚህ እኩለ ሌሊት ቢሆንም።

እናትሽ