ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በሕዝብ የተመረጡ ናቸው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ ስለ ሴት የፖለቲካ መሪዎች ባወጣችሁት ጽሑፍ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን ንጉሠ ነገሥቱ ሾመው ፓርላማ እንዳስገቧቸው ጽፋችሁ በአንድ መስመር አልፋችኋቸዋል። ደብረ ብርሃን ውስጥ ታሪክ ሳስተምር የኖርኩ ጡረተኛ መምህርት ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ፓርላማውን በሁለት ምክር ቤቶች ያዋቀረ ነበር። የሕግ መወሰኛውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፤ የሕግ መምሪያውን ግን ሕዝብ ይመርጣል። ከዚያ በፊት በ1923ቱ ሕገ መንግሥት መራጮቹ መኳንንትና የአገር ሹማምንት ነበሩ። ወይዘሮ ስንዱ የሕግ መምሪያው አባል የሆኑት በ1950 ዓ.ም. ሕዝብ ድምፁን በሰጠበት ምርጫ ነው። የሚያስተዋውቅ፣ የሚደግፍ ፓርቲ አልነበረም፤ ዕጩ የሚታወቀው በስሙና በሥራው ነው።

ሴት ድምፅ መስጠቷ ራሱ ያን ጊዜ እንግዳ ነገር ነበር። እናቴ አንጎለላ ገና ጎጆ የወጣች ሙሽራ ሳለች ለመመዝገብ ብትሄድ፣ «ባልሽ ከመረጠ አይበቃም ወይ?» ብለው ሊመልሷት ሞከሩ። አባቴ ነው ተሟግቶ ያስመዘገባት። ይህን እስክትሞት ድረስ እያነሳች ታጫውተን ነበር።

ስንዱ ገብሩ ምን ሥራ ነበራቸው ለሚል፣ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው፤ ስዊዘርላንድ ተምረው ተመለሱ፤ ጣልያን ሲወርር ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ ተይዘው ባሕር ተሻግረው ጣልያን አገር አዚናራ በምትባል ደሴት ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ ደሴ አስተማሩ፤ ቀጥሎም የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን በመምራት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆኑ። ወላጅ ሴት ልጁን ለትምህርት ለመስጠት በሚያመነታበት ዘመን እምነት ተጥሎባቸው ልጆች ተቀብለው አስተምረዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ለምርጫ ያበቃቸውም ይኸው ስም ነው።

በምክር ቤቱም ምክትል ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደርሰዋል። በዚያው ጊዜ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ይደነግግ ነበር። የአገር ሕግ በሚመክር ጉባኤ ላይ የሚቀመጡ ሴት በትዳራቸው ታዛዥ እንዲሆኑ ሕግ ያዝዛቸው ነበር ማለት ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያመኛል። በእኛ በአማራ ክልል ይህ ድንጋጌ በአዲስ የቤተሰብ ሕግ የተተካው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ተማሪዎቼ የነበሩ ብዙ ሴቶች በአሮጌው ሕግ ተድረዋል።

ጽሑፋችሁን የአንድ ትምህርት ቤት የሴቶች ክበብ ልጆች ቆርጠው በማስታወቂያ ሰሌዳቸው ላይ ለጥፈውታል። ከመንዝና ከተጉለት መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ቆመው ያነቡታል። ስለዚህ እርማቱን ስታወጡ በጠባብ ማዕዘን አትወስኑት፤ የወይዘሮ ስንዱን ሕይወት ሙሉ ገጽ ሰጥታችሁ ጻፉልን። እኔው ወስጄ እለጥፈዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛዋ የታሪክ መምህርት
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ