ሁለተኛውን ጋቢ አንሺለት

እማዬ፣

እንዴት አደራችሁ? ይህን ታናሼ ጮክ ብላ ታንብብልሽ። አባዬን ስለመታው ስትሮክ ስልክ ላይ ስናወራ ሁለታችንም እያለቀስን አልተደማመጥንም።

ማታ በቪዲዮ ሳየው አባዬን ሁለት ጋቢ ደርበሽበታል። የደብረ ብርሃንን ብርድ አውቀዋለሁ፣ ንፋስ እንዳይመታው ብለሽ ነው። ግን አንዱን አንሺለት። ሲያተኩሰውም "ከጋቢው ነው" ብለሽ እንዳታልፊው።

ስትሮክ ሲመታ አንጎል ውስጥ ወዲያው የሚሞት ቦታ አለ። በዙሪያው ደግሞ ደም ያነሰው፣ ገና ያልሞተ ክፍል ይኖራል። የምንታገለው ለእሱ ነው። ሰውነት ሲያተኩስ ይህ ክፍል የበለጠ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ የሚያደርስለት ደም ግን የለም። የተራበ በሬ ጠምዶ እንደ ማዋል ነው፣ ይህንን አባዬ ይነግርሻል። ዴንማርክ ውስጥ 390 ሕመምተኞች የታዩበት ጥናት በ1996 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ነበር። ሆስፒታል ሲገቡ ሙቀታቸው በአንድ ዲግሪ ከፍ ባለ ቁጥር መጨረሻቸው ክፉ የመሆኑ ዕድል ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ሲድኒ ባለሁበት ክፍለ ሀገር ደግሞ ነርሶች የመሩት ጥናት አለ (ነርስ ነኝና ልኩራበት)። 19 የሆስፒታል የስትሮክ ክፍሎች ገቡበት። የተሻሉት ክፍሎች ያደረጉት ብዙም የሚያስገርም አይደለም። ለሦስት ቀን ትኩሳትና ስኳር ይለካሉ፣ 37.5 ሲደርስ ፓራሲታሞል ይሰጣሉ፣ መዋጥ መቻሉን ይፈትሻሉ። በ90 ቀን የሞቱት ወይም የሰው እጅ ጠባቂ የሆኑት ከ100 ሰው 42 ነበሩ። በሌሎቹ ክፍሎች 58።

አሁን የምትቆጪብኝ ነገር። አጥሚቱን ተዪው። ትናንት በማንኪያ ስትሰጪው ትን ሲለው ሰምቻለሁ። ያ ወደ ሳንባው ከገባ የሳንባ ምች ይሆናል፣ ትኩሳቱም ከዚያው ይመጣል። መዋጡ ሳይፈተሽ ውሃም፣ ኪኒንም በአፉ አይግባ። ጠበሉንም ግንባሩ ላይ ረጭ አድርጊለት እንጂ አታጠጪው። በቀዝቃዛ ፎጣ መዘፍዘፍም አያስፈልግም።

የላክሁት ቴርሞሜትር መሳቢያው ውስጥ ነው። በየአራት ሰዓቱ በብብቱ ለኩና ወረቀት ላይ ጻፉት። 37.5 ከደረሰ ነርሷን ጥሩ፣ አትፈሯት፣ ብትቆጣም ትቆጣ። ሌሊትም ቢሆን ደውሉልኝ፣ እኔ ጋ ያኔ ነግቷል።

ልጅሽ