የንባብ ክበባችንና የብስባሽ ቀን

ውድ አባላት፣

በዚህ ወር የምንወያየው ስለ አፈር በሚያወራው ምዕራፍ ላይ ብቻ ነው። መጽሐፉን ያልጨረሰም ይምጣ። የካርቦንና የናይትሮጅን ምጣኔ የተብራራበትን ክፍል ግን ሁለት ጊዜ አንብቡት፤ ከውይይቱ በኋላ ጓሮ ወጥተን የምንሠራው የብስባሽ (ኮምፖስት) ክምር በዚሁ ምጣኔ ላይ የተመሠረተ ነው።

እያንዳንዳችሁ አንድ ጆንያ ደረቅ ቅጠል ወይም ጭድ ያዙ። የአትክልት ልጣጭና የታጨደ ሣር ሁሌም ይተርፋል፤ የሚያጥረው ደረቁ ነው። በስፍር 2 እጅ ደረቅ (ካርቦን የሚበዛበት) ለ1 እጅ እርጥብ (ናይትሮጅን የሚበዛበት) እያደረግን እንደራርባለን። ክምሩ በቁመትም በጎንም 1 ሜትር ያህል ካልሆነ ሙቀት አይዝም። በደንብ ሲሠራ መሃሉ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል፤ አብዛኛው የአረም ዘር የሚሞተውም ያኔ ነው። እርጥበቱን ለማወቅ ጨበጥ አድርጉት፦ አንድ ሁለት ጠብታ ካወጣ ልክ ነው፣ ከፈሰሰ በዝቷል። አሞኒያ (እንደ ሽንት የሚሰነፍጥ ሽታ) ከሸተተ ናይትሮጅኑ በዝቷልና ደረቅ ጨምሩበት። የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ ደግሞ አየር አጥሮታል፤ አገላብጡት። ውኃ ማርከፍከፍ እዚህ ላይ ነገሩን ያብሰዋል።

ሥጋ፣ ቅባትና የወተት ተዋጽኦ አታምጡ፤ አይጥ ይጠራሉ። ጓንት፣ ካላችሁም መንሽ፣ እንዳትረሱ።