ያየስ ነበር፤ ሰሚ ጠፋ እንጂ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ድሮንና ሳተላይት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። እንደደከማችሁበት ያስታውቃል። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ጽሑፉን የጨረሰ ሰው «ሩቅ የሚያይ አይደፈርም» የሚል ሐሳብ ይዞ ነው የሚነሳው። ይሄ ልክ አይመስለኝም።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 7 ቀን 1941 በሃዋይ፣ ኦፓና በሚባል ቦታ ሁለት ተራ የአሜሪካ ወታደሮች ራዳር ላይ ነበሩ። ተራቸው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አብቅቷል። ለቁርስ የሚወስዳቸው መኪና ስለዘገየ ግን መሣሪያውን ሳያጠፉ ቆዩ። ከ2 ደቂቃ በኋላ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚመጣ የአውሮፕላን መንጋ ታያቸው። ቶሎ ብለው ደወሉ። ተረኛው መኮንን ከካሊፎርኒያ የሚጠበቁት የራሳቸው ቦምብ ጣዮች መሰሉት። «አታስቡ» አላቸው። ለ2 ሰዓት 5 ደቂቃ ሲቀረው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰፈር በነበረው ፐርል ሐርበር ላይ የጃፓን ቦምብ ይዘንብ ጀመር።

ራዳሩ ሥራውን ሠርቷል። ልጆቹም ሠርተዋል።

እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ ቢንያሚን ሲማን ቶቭ የተባለ ወጣት የእስራኤል የመረጃ መኮንን ኦክቶበር 1 እና 3 ላይ ሁለት ሪፖርት ጻፈ። የግብፅ ጦር ልምምድ የጦርነት ሽፋን ሊሆን ይችላል አለ። አለቃው ወረቀቱን ወደ ላይ አላሳለፈውም። ጦርነቱ ኦክቶበር 6 ፈነዳ።

አለቆቹን ሰነፎች ብሎ ማለፍ ይቀላል። እኔ እንደዚያ አላይም። በዚያው ዓመት ጸደይ ላይ ጦርነት ተፈርቶ ተጠባባቂ ወታደር ተጠርቶ ነበር፤ ምንም ሳይመጣ ቀረ። ያኔ «አይመጣም» ብለው የተከራከሩት የመረጃ ሹሞች ልክ ሆነው ተገኙ። ከዚያ በኋላ ማን ደፍሮ ይሞግታቸው?

ከጦርነቱ በኋላ እስራኤሎች ሁሉም የተስማማበትን የመረጃ ግምገማ እየተቃወመ የሚጽፍ ክፍል አቋቋሙ። ግሩም ሐሳብ ነው፤ በሌሎች አገሮችም ቢለመድ ደስ ይለኛል። ግን ያ ክፍል እያለም ከኦክቶበር 2023 በፊት የጋዛን አጥር በካሜራ የሚጠብቁ ወጣት ሴት ወታደሮች ሐማስ ሲለማመድ እያዩ ለወራት ተናገሩ። ሰሚ አላገኙም። ናሃል ኦዝ ከሚባለው ጣቢያ ብዙዎቹ በጥቃቱ ቀን ተገደሉ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ስለ ካሜራው ጥራት ደጋግማችሁ ጽፋችኋል። በሚቀጥለው እትም እባካችሁ ባለሙያዎቹን ይህን ጠይቁልን፤ ካሜራው ላይ የተቀመጠችው ልጅ ያየችውን ስትናገር የቅርብ አለቃዋ «ተይው» ቢላት፣ እሱን አልፋ የምትደውልበት ስልክ አላት ወይ?

የዘወትር አንባቢያችሁ