ለሞንትጎመሪ ካውንቲ ምክር ቤት፦ የሲልቨር ስፕሪንግን ትንንሽ ሱቆች አስቡልን

ለተከበራችሁ የምክር ቤቱ አባላት፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። እንደምታውቁት እኛ ከንቲባ የለንም። ከ80 ሺህ በላይ ሰው ይኖርበታል፤ የራሱ ማዘጋጃ ቤት ግን የለውም። መንገዱም፣ ቤተ መጻሕፍቱም፣ የግንባታ ፈቃዱም በካውንቲው በኩል ነው የሚያልፈው። ስለዚህ አቤት የምንለው እናንተ አስራ አንዳችሁ ዘንድ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እንጀራ ልገዛ ቦኒፋንት ጎዳና ሄድኩ። ገና እየተሠራ ያለው የፐርፕል ላይን ባቡር በዚያ ስለሚያልፍ መንገዱ ታጥሯል። የሱቁ ባለቤት አጥሩ ላይ ካርቶን አስረዋል። በአማርኛና በእንግሊዝኛ «ክፍት ነን» ይላል፤ ከሥሩ በማርከር የተሣለ ቀስት አለ። ቀስቱ ሁለት ጊዜ ተሰርዞ እንደገና ተሥሏል። የእግረኛው መተላለፊያ በተቀየረ ቁጥር እሳቸውም ቀስቱን ይቀይራሉ። እንጀራው ገና ትኩስ ነበር፤ ላስቲኩ ከውስጥ አላብቶታል። «እትዬ፣ ገበያ እንዴት ነው?» አልኳቸው። «ተመስገን ነው» አሉኝ። ሒሳቡን ሲመልሱልኝ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ውሌ ሊያልቅ ነው፤ አከራዬ ስንት እንደሚጨምርብኝ እስካሁን አልነገረኝም» አሉ።

ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ የእሳቸው ጭንቀት ነው።

የሰፈራችን ታሪክ ሲነገር ሁሌም ከምንጩ ይጀመራል። (ዘመኖቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።) በ1840 ፍራንሲስ ፕሬስተን ብሌየር የተባለ የዋሽንግተን ጋዜጣ አዘጋጅ ሴሊም በሚባል ፈረሱ ሲጋልብ ምንጭ አገኘ ይባላል። ውሃው ውስጥ ማይካ የተባለ ማዕድን ቅንጣቶች እንደ ብር ያብለጨልጩ ነበር፤ ስሙም ከዚያ ወጣ። ምንጩ ከደረቀ ቆይቷል። ቦታው ግን አኮርን ፓርክ ተብሎ ተጠብቋል፤ ልጆቼን ወስጄ አሳይቻቸዋለሁ። ደስ የሚል ትንሽ ቦታ ነው።

ልጆቼ ማወቅ ያለባቸው ሌላም ታሪክ አለ። ከዚያው አጠገብ፣ በ1853፣ ሳሙኤል ሊተን የተባለ ነፃ ጥቁር ሰው መሬት ገዛ። ሊተንስቪል የተባለው የጥቁሮች ሰፈር በእሱ ስም ተጠራ። ዙሪያው ሁሉ ሲለማ ሊተንስቪል ለአሥርተ ዓመታት አስፋልትና የፍሳሽ መስመር ሳይገባለት ቆየ። ነዋሪዎቹ ወደ ሥራና ወደ ገበያ የሚሻገሩት በባቡር ሐዲድ ላይ በ1918 በተሠራች፣ አንድ መኪና ብቻ በምታሳልፍ ድልድይ ነበር። ከሐዲዱ ወዲያ ማዶ የነጮች ሰፈር ነው። ያቺ ድልድይ በ2019 ለዚሁ ለፐርፕል ላይን ሲባል ፈረሰች።

ጥቁሮች እዚያ የተወሰኑት እንዲያው በአጋጣሚ አልነበረም። ከ1920ዎቹ ጀምሮ እዚህ መሬት እየሸነሸኑ የሸጡት ሰዎች፣ ዋናው ኢ. ብሩክ ሊ፣ በቤቱ የባለቤትነት ውል ላይ አንድ አንቀጽ ያስገቡ ነበር፤ ቤቱ ለጥቁር እንዳይሸጥ፣ እንዳይከራይ። የሚፈቀደው ጥቁር የቤት ሠራተኛ ብቻ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1948 ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ውል ማስፈጸም እንደማይችሉ ወሰነ። በቤት ሽያጭና ኪራይ ዘር መለየት በፌዴራል ሕግ የተከለከለው ግን በ1968 ነው። በሊ ስም ይጠራ የነበረው ትምህርት ቤትም በ2021 ስሙ ተነሥቶ በመላው ካውንቲ ድምፅ ለሥልጣን የተመረጠች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት በኦዴሳ ሻነን ተሰየመ። ያን ጊዜ ልቤ ሞልቶ ነበር።

መሃል ከተማችን ደግሞ የራሱ ውጣ ውረድ አለው። በ1938 ሲልቨር ቲያትርና ከጎኑ ያሉት ሱቆች ተከፈቱ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ትልልቅ መደብሮች መጡ። ከዚያ ገበያው ራቅ ወዳሉት የገበያ ማዕከሎች ሸሸ። ቲያትሩ ራሱ በ1984 ተዘጋ። መስኮቶቹ ባዶ ሆኑ፣ ኪራዩም ረከሰ።

ለእኛ በር የከፈተልን ያ ርካሽ ኪራይ ነው። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ የመጡ ሐበሾች መጀመሪያ ሱቅና ምግብ ቤት የከፈቱት ዲሲ ውስጥ፣ አዳምስ ሞርጋን ነበር። እዚያ ኪራይ ሲወደድ ወደ ዩ ስትሪትና ዘጠነኛ ጎዳና ወረድን። እዚያም ሲወደድ ብዙዎቻችን የሜትሮውን ቀይ መስመር ይዘን ወደዚህ መጣን። ዛሬ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ቆሎ፣ በርበሬ፣ ጀበና አይጠፋም። ከፌንተን ጎዳና ላይ ቡና ሲቆላ ይሸታል። ፑፑሳ የሚባለውን የበቆሎ ቂጣ የሚጋግሩት ሳልቫዶራውያን ጎረቤቶቻችንም የመጡት ሌላ ቦታ ተወዶባቸው ነው።

ቲያትሩ በ2003 ታድሶ ተከፈተ። የካውንቲው ገንዘብም ገብቶበት መሃል ከተማው አማረ። ይህንን አልቃወምም፤ ማታ ማታ ልጆቼ ይዝናኑበታል። ግን አዲስ ሕንጻ በቆመ ቁጥር የአሮጌው ሱቅ ኪራይም ይንራል። ባቡሩም በ2022 ሥራ ይጀምራል ተብሎ ነበር፤ እስካሁን እየጠበቅነው ነው። የባቡሩ ሥራ የሜሪላንድ ግዛት መሆኑን አውቃለሁ። ሐዲዱ ሲያልቅ ግን የኪራዩ ጉዳይ የእናንተ ነው። ሥራው ሲካሄድ አቧራውን የቻሉት ባለሱቆች፣ ባቡሩ ገበያ ይዞ ሲመጣ እዚያው መገኘት አለባቸው።

ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም የምለምናችሁ። በ1974 ይህ ካውንቲ ለአሜሪካ ምሳሌ የሆነ ሕግ አወጣ። ዛሬ በዚሁ ሕግ 20 ቤትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ቢያንስ 12.5 በመቶውን በአነስተኛ ዋጋ ለማቅረብ ይገደዳል። በ2023 ደግሞ በሕጉ ለሚሸፈኑ መኖሪያ ቤቶች የኪራይ ጭማሪ በዓመት ከ6 በመቶ እንዳያልፍ ወሰናችሁ። እኔ ራሴ ተከራይ ነኝ፤ ያን ሌሊት እፎይ ብዬ ተኛሁ። ሱቆቹን የሚያስጠልል እንዲህ ያለ ሕግ ግን የለም። አዲስ ሕንጻ ሲፈቀድ ከምድር ቤቱ ላይ ትንንሽ ሱቆች በተመጣጣኝ ኪራይ ይመደቡ፤ ቅድሚያውም በግንባታው ምክንያት ለተጎዱት ይሁን። ውል ሲታደስም አከራዩ ጭማሪውን ቢያንስ ከስድስት ወር በፊት በጽሑፍ ያሳውቅ።

ከጎንደር ጋር በ2012 የእህትማማችነት ስምምነት አድርጋችኋል። ማስታወቂያዎቻችሁ በአማርኛ ይወጣሉ፤ ለዚህ እናመሰግናለን። አሁን አንድ ነገር ጨምሩልን። ስለ ሱቆቹ የምትወያዩበትን ስብሰባ እዚሁ ሲቪክ ሕንጻው ውስጥ አድርጉልን፤ ሰኞ ማታ፣ ከሱቅ መዝጊያ ሰዓት በኋላ፣ አስተርጓሚ ባለበት። ምክር ቤቱ ባለበት ሮክቪል በቀን የሚጠራ ስብሰባ ላይ እትዬ መምጣት አይችሉም። ሱቁን የሚይዝላቸው ሰው የለም።

ከአክብሮት ጋር፣
የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ