ደሬ፣ የጋሼ ሳይክል አሁንም አለች?

ደሬ ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? ማዘርስ እንዴት ናቸው፣ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? ትልቁ ልጅህ በቁመት ሊደርስብህ ነው ሲሉ ሰማሁ። ዝምታው መቼ እንደጀመረ እኔም አላስታውስም፣ አንተም የምታስታውስ አይመስለኝም። በዓል ሲመጣ «እንኳን አደረሰህ» የሚል ፎቶ እንላላካለን፣ ከዛ እስከሚቀጥለው በዓል ጭጭ። አሁን ስለሱ ወቀሳ አልጀምርም። የምጽፍልህ በሳይክል ጉዳይ ነው።

አዎ፣ በሳይክል። አትሳቅ።

ከባዶ ፍሬም ተነስቼ የኮርስ ሳይክል ገጠምኩ። ስገጥም ደግሞ የጋሼ የጣሊያን ሳይክል፣ ቢያንኪዋ፣ ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። ጋሼ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጎማዎቿና ፔዳሏ አልቀው እንኳን ፍሬሟን ግድግዳ ላይ ሰቅለው «አንድ ቀን» ይሉ ነበር። አንተም አንዴ «ይሄ ነገር ይሠራል ወይስ ለቆራሌው ልስጠው?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ያኔ ስለ ሳይክል የማውቀው መንዳት ብቻ ስለነበር ነገሩ በዛው ቀረ። አሁን መልስ አለኝ። ለቆራሌው እንዳትሰጣት።

ልክፍቱ የያዘኝ በፈረንጆቹ 2024 ነው። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ ቱሪን ላይ የቱር ደ ፍራንስን፣ የትልቁን የሳይክል ውድድር፣ ሦስተኛ ቀን ሲያሸንፍ እዚህ ጠዋት ነበር፣ ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ውስጥ ያለ የሀበሻ ካፌ ተሰብስበን እናያለን፣ ኤርትራዊው ኢትዮጵያዊው ተደበላልቆ ሲጮህ ማኪያቶ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። በዛው ቱር ሁለት ድል ጨምሮ የነጥብ መሪ የሚለብሰውን አረንጓዴ ማሊያ ኒስ ድረስ ይዞት ገባ። ትዝ ይልሃል፣ በፈረንጆቹ 2016 ጽጋቡ ግርማይ ቱሩን የሚጋልብ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ደውለህ ከእንቅልፌ የቀሰቀስከኝ አንተ ነህ። የቢንያም ጊዜ መደወል የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፣ ግን በምትኩ ፍሬም ፍለጋ ገባሁ።

ፍሬሙን ያገኘሁት ዕቃውን ግቢው ውስጥ ዘርግቶ ከሚሸጥ አንድ ሽማግሌ ነው። ሬይኖልድስ 531 የሚባለው የእንግሊዝ ብረት ነው፣ ከፈረንጆቹ 1935 ጀምሮ ሳይክል የተሠራበት። ሹካው አብሮት አለ። ሌላ ምንም የለውም። ሰዎች «ካርቦን አትገዛም ወይ» ይሉኛል። የዓለም የውድድር ሕግ ከ6.8 ኪሎ በታች የሆነ ሳይክል አይፈቅድም፣ ባለሙያዎቹ እዛ ቁጥር ላይ ለመድረስ ይጨነቃሉ። የኔ አሥር ኪሎ ገደማ ነው። ከሳይክሉ ሦስት ኪሎ ለማውረድ ያን ሁሉ ዶላር ከምበትን ጥብስ ብቀንስ ይሻለኛል። ባለቤቴም በዚህ ትስማማለች።

ስለ ወጪው በግልጽ ልንገርህ። ከባዶ መግጠም አይረክስም። ፍሬሙ ርካሽ ነው፣ ከዛ በኋላ ግን እያንዳንዷ ቀለበት፣ እያንዳንዱ ኩሽኔታ፣ የመሪው መጠቅለያ ሳይቀር ለየብቻ ይገዛል። ሙሉ አሮጌ ሳይክል ገዝቶ ማደስ ከዚህ በግማሽ ዋጋ ያልቃል። የኔ ዓይነቱን የሚያደርገው ፍሬሙን የሚወድ ሰው ብቻ ነው። አንተ ግን ፍሬሙ አለህ፣ ደግሞም የጋሼ ነው፣ ስለዚህ ሒሳቡ ላንተ አይሠራም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። አሮጌ ፍሬም ሰውን ጉድ የሚሠራው ከታች ነው፣ የፔዳሉ አክሰል የሚያልፍበት አጭር ቱቦ ላይ። ሁለቱ ጎኖቹ ውስጣቸው እንደ ብሎን ጥርስ አላቸው፣ ኩሽኔታ የያዙት ሁለት ክዳኖች እዛ ላይ ይጠብቃሉ። ስፋቱ 68 ሚሊ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የእንግሊዝ ጥርስ ነው፣ 70 ሚሊ ከሆነ የጣሊያን። ሁለት ሚሊ ልዩነት ምንም አይመስልም አይደል? ግን ዕቃዎቹ ጨርሶ አይተካኩም፣ የጣሊያኑ ክዳን ወፈር ይላል፣ ዲያሜትሩ 36 ሚሊ ነው። ዋናው ደግሞ አፈታቱ ነው። በእንግሊዙ የቀኙ ክዳን ግራ ጥርስ ስለሆነ የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። በጣሊያኑ ሁለቱም እንደማንኛውም ብሎን ወደ ግራ ይፈታሉ። ይሄን የማያውቅ ሠራተኛ ረጅም ኪያቤ ይዞ በጉልበት ከመጣ የቱቦው ጥርስ ይበላል፣ ፍሬሙም በዛው አለቀለት። ቢያንኪ ስለሆነች ብቻ ጣሊያን ነው ብለህ እንዳትደመድም፣ በእንግሊዝ ጥርስ የተሠሩም አሉ። መጀመሪያ ለካ፣ ኪያቤው ይደርሳል።

ጣሊያን ከሆነ አንድ ጠባይ አለው። ስትጋልብ የፔዳሉ ዙረት የቀኙን ክዳን ቀስ በቀስ ሊፈታው ይሞክራል። እንግሊዞቹ ግራ ጥርስ ያደረጉት ለዚሁ ነው፣ የግራ ፔዳል ግራ ጥርስ የሆነውም ለዚሁ ነው። መፍትሔው ጥርሱን ማጽዳት፣ የብሎን ማጣበቂያ ጠብ ማድረግና ከልብ ማጥበቅ ነው። ከዛ ይረሳል።

ከምንም በፊት ግን ፍሬሙ ቀጥ ማለቱን እይ። ለዚህ ማሽን አያስፈልግም፣ ክር ይበቃል። የኋላ ጎማ ከሚታሰርበት ከአንዱ ጎን ጀምረህ ክሩን ወደፊት ወስደህ በመሪው ቱቦ ዙሪያ አሳልፈህ በሌላው ጎን መልሰህ እሰረው፣ ወጥሮ ይቁም። ከዛ ከኮርቻው ቱቦ እስከ ክሩ ያለውን ርቀት ግራና ቀኝ ለካ። እኩል ከሆነ ጎሽ። አንድ ሁለት ሚሊ ቢለያይም አትደንግጥ፣ ብረት ነው፣ አዋቂ እጅ ይመልሰዋል። ብረት የምወደው ለዚህ ነው። የኔ የኋላ ጎማ የሚገባበት መሀል 126 ሚሊ ነበር፣ የድሮ ባለ ስድስት ማርሽ ልክ፣ እኔ የገዛሁት ጎማ ደግሞ 130 ይፈልጋል። በየጎኑ ሁለት ሁለት ሚሊ ከፈትኩት፣ አበቃ። ካርቦን ወይም አሉሚኒየም ላይ ይሄን ብትሞክር ይሰነጠቃል።

የኮርቻው ዘንግ ውስጥ ተጣብቆ ከቀረ በመዶሻ እንዳትነካው። የአሉሚኒየም ዘንግ ብረት ቱቦ ውስጥ ዓመታት ሲቀመጥ ዝገቱ አንድ ያደርጋቸዋል። ዘይት ጠብ እያደረግክ ለሳምንት ተወው። ሲወጣ ሥሩ አካባቢ የተጻፈ ቁጥር ታያለህ፣ 27.2 ወይም ለሱ የቀረበ። እሱን ጻፍልኝ።

የተቀረው ቀላል ነው ማለት ይቻላል። የመሪው ኩሽኔታ በግሪስ ይሞላል፣ መሪው እስኪላላም እስኪከብድም ሳይሆን መሀል ላይ ይጠብቃል። ካቴናውን ለመቁረጥ በማርሽ መቀየሪያው ሳታሳልፈው ከፊት በትልቁ ከኋላም በትልቁ ጥርስ ላይ ጠምጥመው፣ ከሚገናኝበት ሁለት ማያያዣ ጨምር፣ ከዛ ቁረጥ። አንድ ነገር ላይ ግን አደራ። የፍሬን ሽቦ መሸፈኛና የማርሽ ሽቦ መሸፈኛ ከውጭ ይመሳሰላሉ፣ ውስጣቸው ግን ሌላ ነው። የፍሬኑ ብረት እንደ ምንጭ ተጠምጥሞ የተሠራ ነው፣ የማርሹ ቀጫጭን ሽቦዎች በቁመት የተደረደሩ ናቸው። የማርሹን ለፍሬን ብታስገባ አንድ ቀን ጠንከር አድርገህ ስትይዝ ሊፈነዳና ፍሬን ሊያሳጣህ ይችላል። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስትወርድ ፍሬን ስታጣ ደግሞ ምን እንደሚሆን ላንተ አልነግርም። መርካቶ ባለሱቁ «ያው ነው» ቢልህ አትስማው፣ ጫፉን ቆርጦ ያሳይህ።

እዚህ ሉክአውት ማውንቴን የሚባል አቀበት አለ፣ ከጎልደን ከተማ ጀምሮ የሚጠማዘዝ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሳይክለኛ ይሞላዋል። ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ናት፣ እነሱ «ከፍታው ይከብዳል» ይላሉ፣ እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ ብዬ ጉራዬን ነፋሁ፣ ግማሽ መንገድ ላይ አንዲት ጡረታ የወጣች ሴትዮ «ደህና ዋል» ብላኝ አለፈችኝ። ሳይክሉ ግን ድምፅ የለውም። አንድም የሚንኳኳ ነገር የለም። ቁልቁለቱን ስወርድ እያንዳንዱን ብሎን ማን እንዳጠበቀው ስለማውቅ ነው መሰል፣ እንደዚህ ዘና ብዬ ወርጄ አላውቅም።

እና የምፈልገው ይሄን ነው። የታችኛውን አጭር ቱቦ ስፋት፣ የኋላ ጎማ የሚገባበትን የውስጥ ለውስጥ ስፋት፣ የኮርቻውን ዘንግ ቁጥር። ካሊፐር ከሌለህ ሰፈር ካለ ቶርኖ ቤት ተዋስ፣ በማስመሪያ እንዳትለካልኝ። የአክስቴ ልጅ ለገና ትመጣለች፣ ሻንጣዋ ውስጥ ለኩሽኔታና ለፍሬን ቦታ ለምኜ አስይዣለሁ። ቸርኬና ጎማ እዛው እንፈልጋለን፣ 25 ወይም ከገባ 28 ሚሊ ይሁን፣ ለእኛ መንገድ ሰፋ ያለ ይሻላል።

ቀለሙን ግን እንዳትነካው። ያ ሰማያዊ ይሁን አረንጓዴ የማይለየው የቢያንኪ ቀለም ቢላላጥም እንዳለ ይቆይ፣ ቀለም ቀቢ ጋ የምትወስዳት ከሆነ ዕቃውን አልክም። ልኩን እስከ ኅዳር መጨረሻ ላክልኝ። ፎቶም ጨምር፣ በተለይ ከኋላ በኩል። ማዘርን ሳምልኝ።

ያንተው
ብሩኬ